ሚኒስትርን በወረቀት መጠየቅ፦ ከአሥራ ሦስቱ ጥያቄዎች እስከ ዛሬው ምክር ቤት



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ እዚህ ኮልፌ ከመስጂዳችን ልጆች ጋር ኢሻን እየጠበቅን ተቀምጠን ወሬያችን ወደ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሰልፍ ሄደ። ታሪኩን ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተነዋል። ከ100,000 በላይ ሰው አዲስ አበባ ላይ ወጣ፣ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጡ፣ አሥራ ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ቀረቡ። የኮሌጅ ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ጥያቄው የቀረበው ለማን ነው? ያ ሰውስ የመመለስ ግዴታ ነበረበት?»

የመጀመሪያው ቀላል ነው። የቀረበው በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ለነበሩት ለልጅ እንዳልካቸው መኮንን ነው። ሁለተኛው ግን አዛን እስኪል አስጨነቀኝ፤ ቤት ገብቼም አልተወኝም። ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ዐረብኛ የቀራችሁ ታውቁታላችሁ፣ የዐረቡ ዓለም ምክር ቤቶች ሁለት ቃል አላቸው። አንዱ «ሱኣል» ነው፤ አንድ የሕዝብ ተወካይ ለአንድ ሚኒስትር የሚያቀርበው ጥያቄ። ሌላው «ኢስቲጅዋብ» ነው፤ መልስ ማውጣት፣ ማፋጠጥ ማለት ነው። የኩዌት ሕገ መንግሥት (በእነሱ አቆጣጠር የ1962) ሁለቱን በተለያየ አንቀጽ ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። በሱኣል ሚኒስትሩ መረጃ ይሰጣል። በኢስቲጅዋብ ግን ይከሰሳል፤ መጨረሻው የመተማመኛ ድምፅ ሊሆንና ወንበሩን ሊያጣ ይችላል። በእኛ አማርኛ ሁለቱም «ጥያቄ» ናቸው። ከዚህም በላይ ለመንግሥት የሚቀርብ ልመናንም «ጥያቄ» እንለዋለን። የሕዝብ ጥያቄ፣ የመልካም አስተዳደር ጥያቄ፣ የመብራት ጥያቄ እያልን። ነገሩ የተደበላለቀብን ከዚህ ይመስለኛል።

ልመናና ጥያቄ አንድ አይደሉም። በዐባሲዮች ዘመን የተበደለ ሰው በደሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ያቀርብ ነበር፤ ገዢውም ከሥሩ ወይም ከጀርባው ውሳኔውን አጭር አድርጎ ይጽፍበታል። «ተውቂዕ» ይሉታል፣ አንዳንዱ በአነጋገሩ ውበት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በእኛም አገር አያቶቻችን አቤቱታቸውን ይዘው ጃንሆይ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት የማለት መብት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ውስጥም ተጽፏል። አቤት ባዩ ግን መልስ ካገኘ በችሮታ ነው። ካላገኘ «ለምን አልመለስክም?» የሚልበት በር የለውም። የምክር ቤት ጥያቄ የሚለየው በዚህ ነው። ጠያቂው ሕዝብ የወከለው ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ ዝም ቢል ዝምታው ራሱ ይመዘገብበታል።

የኢትዮጵያ ፓርላማ የተጀመረው በሐምሌ 1923 ሕገ መንግሥት ነው። የዚያን ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመረጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ እንጂ ሕዝቡ ስላልነበር እሱን እንለፈው።

በጥቅምት 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ የሕግ መምሪያ አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም ከዚያ በኋላ ተደረገ። ፓርቲ የለም። ለመመረጥ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ወይም 2,000 ብር የሚገመት ሌላ ንብረት ያስፈልጋል። መሬት ማግኘት የተቸገረ ሕዝብ በዚህ ወንፊት ስንት ተወካይ ያሳልፋል? ያም ሆኖ ሙስሊም አባላት ገብተው ነበር።

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ያ ሕገ መንግሥት ስለ ሚኒስትሮች ጥያቄ የሚናገር አንቀጽ አለው። ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ በአብላጫ ድምፅ ከጠየቀ ሚኒስትሩ ራሱ ወይም ምክትሉ ቀርቦ በቃል ወይም በጽሑፍ መመለስ አለበት ይላል። ጥሩ አይደል? ግን ጥያቄው ስለምን ጉዳይ ነው? ወደፊት ስለሚወጣ ሕግ ነው። ሚኒስትሩ ስለሠራው ሥራ፣ ስላጠፋው ገንዘብ፣ ስላሳሰረው ሰው አይደለም። ስለ መሥሪያ ቤቱ ሥራ መናገር የሚኒስትሩ መብት እንጂ ግዴታው አልነበረም። ብቻውን የቆመ አንድ እንደራሴም መጠየቅ አይችልም፣ መጀመሪያ የምክር ቤቱን አብላጫ ማሳመን አለበት። በዚያ ላይ ሚኒስትሮቹ ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን ራሱ መርጦ እንዲያቀርብ ሲፈቀድ እንኳ ተጠሪነቱ ወደ ምክር ቤት አልዞረም።

ለልጁ የምመልሰው እንግዲህ ይህን ነው። በ1966 ልጅ እንዳልካቸው ለአሥራ ሦስቱ ጥያቄዎች በዚህ ቀን መልስ ስጥ የሚላቸው ሕግ አልነበረም። ጥያቄዎቹ ምክር ቤት ውስጥ ቢነሱ ኖሮ እንኳ አብዛኞቹ በዚያ ጠባብ በር አያልፉም ነበር። አባቶቻችን ጎዳና የወጡት በሩ ስለተዘጋ ነው። ከፊሉ በር ደግሞ ሲጀመርም አልተሠራም።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቱን ላስታውሳችሁ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላችን ይቅርና ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ (ያኔ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፎ ነበር)። በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ። መሬት የማግኘት መብት ይኑረን። በመንግሥት ሥራ እኩል እንቀጠር። ሙስሊሙን የሚወክል ምክር ቤት ይቋቋም።

መልሱ እንዴት እንደመጣ ተመልከቱ። ልጅ እንዳልካቸው በሐምሌ 1966 ከሥልጣን ወረዱ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከስድሳዎቹ ጋር ተረሸኑ። ፓርላማው ራሱ መስከረም 2 ቀን 1967 ፈርሶ ነበር። ጥያቄውን የተቀበሉት ሰው ሞቱ፤ መጠየቂያው ቤትም ተዘጋ። መልስ መስጠት የጀመረው ጥያቄው ያልቀረበለት ደርግ ነው፣ እሱም በአዋጅ። በ1967 ዒድ አል ፊጥር፣ ዒድ አል አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በ1968 በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ (አላህ ይዘንላቸው) የሚመራ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ተቋቋመ።

ደስ የሚል መልስ ነው፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ሲሰጥ በወታደር በጎ ፈቃድ ነው የተሰጠው፤ ለምን ይህ ተሰጥቶ ያ እንደቀረ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። መጅሊሱን ውሰዱ። በ1968 ተቋቋመ፤ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ግን በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ነው። ከጥያቄው ስትቆጥሩ 46 ዓመት። በእነዚህ ዓመታት አንድ ተወካይ በየዓመቱ ተነሥቶ «የዚህ ተቋም ሕግ ለምን አልመጣም?» ብሎ በጽሑፍ ቢጠይቅና የሚመለከተው ሚኒስትር በየዓመቱ በፊርማው ምክንያቱን ለመጻፍ ቢገደድ ኖሮ ይህን ያህል ይዘገይ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ከዚያው ዘመን ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በ1966 ክረምት መግቢያ ላይ የቀድሞ ባለሥልጣናትን የሚመረምር ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ነበሩ። የወሎን ረሃብ ማን ደበቀ፣ ማን አወቀ፣ ማን ዝም አለ የሚለው ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ በእስር ቤት ሆነው ለዚህ ኮሚሲዮን የጻፉት ቃል ከብዙ ዓመት በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። አስቡት፤ ረጅም ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ስለ ሥራቸው በጽሑፍ የመለሱት ከታሰሩ በኋላ ነው። ምርመራው ገና እየተካሄደ ሳለ እሳቸውም በዚያችው በኅዳር ሌሊት ተረሸኑ። ጥያቄ በጊዜው ካልተጠየቀ የሚጠየቀው እንዲህ ነው።

በሌላ አገር ግን የእኛው ጉዳይ በጊዜው ተጠይቋል። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን፣ በ1928፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቋመች። ሴትዮዋ የፓርላማ አባል አልነበረችም። የምታውቃቸውን አባላት ግን እየወተወተች ስለ ኢትዮጵያ ለሚኒስትሮች ጥያቄ እንዲያቀርቡ ታደርግ ነበር። የእንግሊዝ አሠራር ቀላል ነው። ማንኛውም አባል፣ ተቃዋሚም ይሁን ብቸኛ፣ የማንንም ድምፅ ሳይለምን ለሚኒስትር በጽሑፍ ይጠይቃል። መልሱ ከጥያቄው ጋር ተጣምሮ በምክር ቤቱ መዝገብ ይታተማል። ሚኒስትሩ «አልመልስም» ቢል ወይም ቢያድበሰብስ እሱም ይታተማል። በዚህ ዓይነት የጣሊያን የመርዝ ጋዝ ጉዳይ በዚያ ምክር ቤት ተነሥቷል። መልሱ ጣሊያንን አላስቆመም፤ ይህን መደበቅ የለብንም። ታሪክ ጸሐፊ ግን ዛሬ ያንን መዝገብ ገልጦ የትኛው ሚኒስትር በየትኛው ቀን ምን እንደሚያውቅ ማየት ይችላል። ሲልቪያ በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ ኖራ እዚሁ ተቀበረች።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1979 የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ ማንን እንደሚጠይቅ ገና ሳይታወቅ አለፈ። የአሁኑ ሕገ መንግሥት ግን የድሮውን ጠባብ በር ሰፋ አድርጎታል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ አንድ ሦስተኛው አባላት ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ በሆነ ማንኛውም ጉዳይ እንዲወያይ ያዛል። እዚህ «ወደፊት ስለሚወጣ ሕግ» የሚል ገደብ የለም።

ሥልጣኑ ግን የምክር ቤቱ ነው፣ የአንዱ አባል አይደለም። በ2002 ምርጫ ከ547ቱ መቀመጫ ተቃዋሚ ፓርቲ ያገኘው አንድ ነበር፤ በ2007 አንድም አላገኘም። አንድ ሦስተኛ ከየት ይመጣል? የጠቅላይ ሚኒስትሩን የጥያቄ ቀን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ደግሞ ቅርጹን ያውቀዋል። አባላቱ ተራ በተራ ከወረቀት ያነባሉ። ጥያቄዎቹ ይጠራቀማሉ። ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልለው ሰፊ ሰዓት ይናገራሉ። ከተነሡት ውስጥ የትኛው እንዳልተመለሰ ቆጥሮ የሚያውቅ ተመልካች ስንት ነው? እኔ አንድ ጊዜ ደብተር ይዤ ልቆጥር ሞክሬ አሱር ደረሰብኝና ተውኩት።

ጥያቄው በእርግጥ ጥርስ ሲኖረው ያየሁት ሌላ ቦታ ነው። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር የሚባለው ቋሚ ኮሚቴ የፌዴራል ዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ መሥሪያ ቤቶችን ሲጠራ ተመልከቱ። እዚያ ጥያቄው ከአየር አይመጣም። ይህን ያህል ብር ያለ ደረሰኝ ወጥቷል፣ ይህ ግዥ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል የሚል የተጻፈ ግኝት አለ፤ መሥሪያ ቤቱም ያስተካከለውን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠየቃል። ባለሥልጣኑ ስለ አገር ዕድገት ማውራት ሲጀምር ሰብሳቢው ወደ ወረቀቱ ይመልሰዋል። ሰውየው ላቡን ሲጠርግ ያየሁት እዚያ ነው።

አንቀጽ ሁሉን ይሠራል እያልኩ አይደለም። ቀደም ብዬ የጠቀስኳት ኩዌት፣ ሚኒስትር በኢስቲጅዋብ ማፋጠጥ የተለመደባት አገር፣ በእነሱ አቆጣጠር በግንቦት 2024 ምክር ቤቷ በአሚሩ ትእዛዝ ተበትኗል፤ አንዳንድ የሕገ መንግሥቷ አንቀጾችም እስከ አራት ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ታግደዋል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ለልጁ መልሱን ይዤለት ሄድኩ። እሱም ሰምቶ ሲጨርስ ሌላ ጠየቀኝ፦ «እሺ ኡስታዝ፣ የእኛን ምርጫ ክልል ወክሎ ምክር ቤት የገባው ሰው ስሙ ማነው?» ክብ ሠርተን የተቀመጥነው ዘጠኝ ነበርን። እኔን ጨምሮ የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ፤ ኔትወርኩ እስኪመጣለት ድረስ ኢቃም ተባለ።