ቀፎው ሄደ፣ ንቡ ቀረ

የእጅ ስልክን «ቀፎ» ብሎ የሰየመው ሰው ነገሩ ገብቶታል። ንብ የሌለበት ቀፎ ባዶ ዕቃ ነው፤ ሲም ካርድ የሌለበት ስልክም እንደዚያው። ታዲያ አገር ለቆ የሚሄድ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ነው ይዞ የሚሄደው?

ድሮ ጥያቄው አልነበረም። ስልክ የቤት ነበርና ቁጥሩም የቤቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም። ሰው ሲሰደድ ስልኩ ዳንቴሉን እንደለበሰ ሳሎን ጥግ ይቀራል። ተሰዳጁ የሚይዘው ቁጥሮች የተጻፉባትን ትንሽ ደብተር ብቻ ነው።

ይህን የለወጡት አውሮፓውያን ናቸው። ሞባይላቸው ድንበር ላይ ሲደርስ ድምፁ እየጠፋ ስላስቸገራቸው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የ13 አገሮች ተወካዮች ኮፐንሃገን ላይ ተሰብስበው ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለውን የጋራ ሥርዓት ለመዘርጋት ፈረሙ። በ1991 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ የመጀመሪያው ጥሪ ተደረገ። የሥርዓቱ ዋና ብልሃት ደንበኛውን ከቀፎው መለየቱ ነው፤ የባለቤቱ ማንነት ቀፎው ላይ ሳይሆን ሲም ካርዱ ላይ ተቀመጠ። ሰውየው ሌላ አገር ሲገባ፣ የዚያ አገር ኔትወርክ የአገሩን ኔትወርክ «ይህ ሰው የእናንተ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎን» ከተባለ ያስተናግደዋል፤ ሒሳቡን ግን ወደ አገሩ ይልካል። ሮሚንግ የሚባለው ይኸው ነው። ዘመድ ቤት የሚያድር እንግዳ ማለት ነው። እንግዳ ደግሞ ይመለሳል! ደንቡ የተጻፈው ለሚመለስ መንገደኛ እንጂ ጓዙን ጠቅልሎ ለሚሄድ ስደተኛ አልነበረም። የኋላው ጣጣ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ይመስለኛል።

እኛ ዘንድ ሞባይል የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። የመረጥነው የአውሮፓን ሥርዓት ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ሮም ወይም ዱባይ የሄደ ሰው የዚያን አገር ሲም ካርድ ገዝቶ ቀፎው ውስጥ ከከተተ «ሃሎ» ይል ነበር። ዋሽንግተን የወረደው ግን ሌላ ገጠመው። የእኛ ስልኮች የሚሠሩት በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሲሆን፣ አሜሪካ የምትጠቀመው 850ን እና 1900ን ነበር። ከዚያም አልፎ አንዳንዶቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሲም ካርድ በማይገባበት በሌላ ሥርዓት ይሠሩ ነበር። ስንት ተለቅሞ የተገዛ ቀፎ እዚያ ሲደርስ ሰዓት ማያ ሆኖ ቀረ።

ዓረብ አገር የሄዱት እህቶቻችን ቀፎ ደግሞ ይሠራል። ግን አሠሪው ይቀማዋል። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ይህን ደጋግመው መዝግበዋል። ከቤተሰብ ጋር የሚያገናኘውን ክር የሚበጥስ ሰው ሞገድ መቁጠር አያስፈልገውም።

መስከረም 1998 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የቁጥሮቻችን አሠራር ተለወጠ። ባለ ስድስት አኃዙ ሰባት ሆነ፤ የአዲስ አበባው ሞባይል ከ09 ወደ 0911 ዞረ። አገር ቤት ያለነው በሳምንት ለመድነው። ከዚያ በፊት የወጣው ሰው ግን ደብተሩ በእጁ ላይ አረጀበት፤ በቃሉ የያዘው የእናቱ ቁጥር ሲደወል መልስ አጣ።

ዛሬ የቀፎው ችግር ተቃሏል። አዲሶቹ ስልኮች የብዙ አገር ሞገድ ይይዛሉ። ወሬውም በኢሞና በቴሌግራም ሆኗል። ችግሩ አሁን የቁጥሩ ነው። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ቁጥር የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ባንክ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በእሱ ነው፤ ቴሌግራምም የሚያውቅህ በእሱ ነው። ካርድ ሳይሞላለት የከረመ ቁጥር ግን ይዘጋል፣ ቆይቶም ለሌላ ሰው ይሸጣል። ያን ጊዜ የድሮ ወዳጅህ ሲደውል የማታውቀው ሰው «ማን ልበል?» ይለዋል። ይባስ ብሎ ያንተ ኮድ ለእሱ ይደርሰዋል።

ሕዝቡ እንደ ልማዱ መላ ዘይዷል። የሚሄደው ልጅ ሲም ካርዱን አሮጌ ቀፎ ውስጥ ከትቶ ለእናቱ ይተዋል። እህቱ በየጊዜው ካርድ ትሞላለታለች። እሱ ከባሕር ማዶ ባንኩን ሊከፍት ሲል ኮዱ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ እናት መነጽራቸውን ያደርጉና በኢሞ «ሰባት... አራት... ቆይ ልጄ፣ ጠፋብኝ» እያሉ ያነቡለታል። እናትየው ሲታመሙ፣ ወይም ያ አሮጌ ቀፎ ሲሰረቅ፣ የሰውየው ገንዘብና ስም አብሮ ይንጠለጠላል።

የአንድ ሰው ስምና ጥሪት በእናት መነጽር ላይ መንጠልጠል የለበትም። ስልክ የሚሸጡልን ድርጅቶች ጠቅልሎ ለሚሄድ ሰውም ደንብ ይጻፉለት፤ ጥቂት ከፍሎ ቁጥሩን በስሙ የሚያቆይበትን መንገድ በግልጽ ያስቀምጡለት። ባንኮችም ኮዱን የሚልኩበት ሌላ በር ይክፈቱለት። እስከዚያው የምትሄዱ ሁሉ ከሻንጣው በፊት ይህን ተሰናዱ። ሲሙ በማን ስም እንደተመዘገበ እዩ፤ ማን እንደሚሞላውም ተነጋገሩ። ቸር ያሰንብተን።