ካሮሴሎ፤ የኢጣልያ ሕዝብ በማስታወቂያ የሳቀበት ዘመን



ነጋዴ ሸቀጡን ሲያሞካሽ ሳያስበው የአገሩን ሰው ጠባይ ይገልጣል። ገዢው በምን እንደሚስቅ፥ በምን እንደሚያፍር፥ ምንስ እንደሚመኝ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋልና። ይህ ነገር በጉልህ ከታየባቸው አገሮች አንዲቱ ኢጣልያ ስለ ሆነች፥ የዛሬው ንግግራችን ካሮሴሎ ስለ ተባለው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይሆናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢጣልያ ቴሌቪዥን መደበኛ ሥራውን በ1954 ሲጀምር በመንግሥት እጅ ነበር፤ የሚተዳደረውም ባለ መሣሪያው በየዓመቱ በሚከፍለው ገንዘብ ነበር። ነጋዴዎች በዚህ አዲስ መስኮት ብቅ ለማለት ቋመጡ። ሹማምቱ ደግሞ የገበያ ጩኸት በእራት ሰዓት ወደ ጨዋ ቤት ሰተት ብሎ እንዳይገባ ሠጉ። በመጨረሻ የተገኘው ማስታረቂያ እንግዳ ነገር ነበር። ነጋዴው የሁለት ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ፊልም ያቀርባል፤ ነገር ግን የዕቃውን ስም ማንሣት የሚፈቀድለት በመጨረሻዎቹ 35 ሴኮንዶች ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ሁሉ ለተመልካቹ መዝናኛ መሆን አለበት። ይህችን መጨረሻ ኢጣልያውያን «ትንሿ ጅራት» ይሏት ነበር። በእኛ ቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ በካሮሴሎ ግን ሰሙ ቧልት፥ ወርቁም የሳሙና ስም ነበር ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ካሮሴሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1957 ነው። ፊያት ቺንኰቸንቶ የተባለችው ትንሽ አውቶሞቢል የወጣችውም በዚያው ዓመት ነበር፤ የጦርነቱን ችግር ገና ያልረሳ ሕዝብ መኪናና የበረዶ ሣጥን መመኘት የጀመረበት ዘመን ነው። የቴሌቪዥን መሣሪያ በቤቱ ያለው ጥቂት ስለ ነበር፥ ብዙው ሰው በየቡና ቤቱ ተሰብስቦ ይመለከት ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው፥ ከዜናው ቀጥሎ፥ የቴአትር መጋረጃ በሙዚቃ ይገለጣል። ልጆችም ካሮሴሎ ካለቀ በኋላ ወደ መኝታ ይሄዳሉ፤ ይህ በአገሩ ሁሉ እንደ ሕግ የጸና ልማድ ሆኖ ነበር። በስቅለት ዕለት ግን ካሮሴሎ አይታይም ነበር።

ሕጉ ሻጩን ተጫዋች አደረገው። ስለዚህም ስመ ጥር ተዋናዮች ወደዚህ ሥራ ገቡ፤ የኔፕልስ ተወላጅ የሆነው ታላቁ አስቂኝ ቶቶ፥ በ1997 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማት የተቀበለውም ዳሪዮ ፎ በካሮሴሎ ታይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ የኢጣልያን ቀልድ የሚያሳየው ኢንስፔክተር ሮክ ይመስለኛል። ቼዛሬ ፖላኮ የተባለው ተዋናይ በአሜሪካ ፊልም እንደምናየው ያለ ኰስታራ መርማሪ ሆኖ ይቀርባል። ወንጀሉን በረቀቀ ብልሃት ይገልጣል፤ ረዳቱም አንድ ጊዜ እንኳ የማይሳሳት ሰው መሆኑን ያደንቅለታል። ያን ጊዜ ሮክ እርሱም እንደ ሌላው ሰው የተሳሳተበት ነገር መኖሩን ይናዘዝና ባርኔጣውን ያነሣል። ራሱ መላጣ ነው! ስሕተቱም የሊኔቲን የፀጉር ቅባት አለመቀባቱ ነው። ይህ ቀልድ ትናንት የተወለደ አይደለም። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በኢጣልያ የጭምብል ቴአትር ፎካሪው ካፒቴንና ሁሉን ዐወቅ ባዩ ዶክተር በሕዝብ ፊት ሲዋረዱ ኖረዋል። ቅባት ሻጩ ያንኑ የቆየ ሳቅ ተከራየው።

ኤርኔስቶ ካሊንድሪ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ ቺናር የተባለውን መጠጥ ሲያስተዋውቅ፥ በከተማ መንገድ መካከል ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ፥ አውቶሞቢሎች በዙሪያው ሲጋፉ፥ እርሱ ጋዜጣውን ይዞ በጸጥታ ይጠጣ ነበር። መኪናን ያህል ነገር ሲመኝ ቆይቶ ባገኘው ማግሥት በጩኸቱ የተማረረ ሕዝብ ራሱን አይቶ ሳቀ።

ስለ ካሊሜሮ ሲነሣ ግን ሳቁ ለእኛ ትንሽ ይከብዳል። ፓጎት የተባሉ ወንድማማቾች ከኢኛትሲዮ ኮልናጊ ጋር ሆነው በ1963 ለአቫ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና የፈጠሩት የጫጩት ሥዕል ነው። ጫጩቱ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ስለ ጠቈረ እናቱ አላውቅህም ትለዋለች፤ ግማሽ የዕንቁላል ቅርፊት በራሱ ላይ እንደ ቆብ ደፍቶ፥ ትንሽ በመሆኑ ዓለም ሁሉ እንደ በደለው እያለቃቀሰ ይዞራል። በዚያ ዘመን ከደቡብ ኢጣልያ ወደ ሚላኖና ወደ ቶሪኖ ሥራ ፍለጋ የጐረፈው ገበሬ የራሱን ዕድል በዚህ ጫጩት ሳያይ አልቀረም፤ ቀልዱ ልብ የሚነካውም ስለዚህ ነው። መጨረሻው ግን እንዲህ ነው፦ በሳሙናው ይታጠባል፥ ነጭ ይሆናል፥ ጥቁር ሳይሆን ቈሻሻ ብቻ እንደ ነበረም ይነገረዋል። ሠሪዎቹ ክፉ አስበው ነው አልልም። ነገር ግን ጥቁረት በሳሙና የሚለቅ እድፍ ተደርጎ ለሕፃናት በመኝታ ሰዓት ሲነገር፥ ከዐድዋና ከ1935ቱ ወረራ ወዲህ ያለ ኢትዮጵያዊ ሰሚ በዝምታ ሊያልፈው አይችልም። ሕዝብ በቀልዱ ደግነቱን ብቻ ሳይሆን ያልመረመረውንም ልማዱን ያሳያል።

በኢጣልያም ውስጥ ቢሆን ሁሉ ሰው አልሳቀም። ሊቁ ቱሊዮ ዴ ማውሮ በ1963 ባወጣው መጽሐፍ፥ ልዩ ልዩ የአውራጃ ቋንቋ የሚናገረው ሕዝብ ወደ አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲቀርብ ቴሌቪዥን ብዙ እንደ ረዳ አስረድቷል። ደራሲው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ ግን በ1973 በኮሪዬሬ ዴላ ሴራ ጋዜጣ ላይ ሲጽፍ፥ ፋሽስቶች በኃይል ያላደረጉትን፥ ይኸውም የሕዝቡን ልዩ ልዩ ባህል አንድ ዓይነት ማድረግን፥ የሸቀጥ ሥልጣኔ በቀላሉ ፈጸመው ብሎ ወቀሰ። እኔ ከሁለቱ ማን እንደ ረታ ለመፍረድ አልደፍርም፤ የፓዞሊኒ ወቀሳ ግን እየቆየ ክብደት የጨመረ ይመስለኛል።

ካሮሴሎ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1977 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። የገደለውም ወቀሳ ሳይሆን ሒሳብ ነው። በየጊዜው አዲስ ትርኢት ማዘጋጀት ወጪው ከባድ ሲሆን፥ ታላላቆቹ ኩባንያዎች አንዱን የ30 ሴኮንድ ፊልም በብዙ አገር ደጋግሞ ማሳየት ይሻላቸው ነበር። አንዳንዶቹ ፍጥረቶቹ ግን ከሸቀጡ ይልቅ ብዙ አገር ዞሩ። ኦስቫልዶ ካቫንዶሊ በ1969 ለላጎስቲና ድስት የሣለው፥ ከአንዲት መስመር የተሠራው ቍጡ ሰው፥ ቋንቋው ትርጉም የሌለው ጕርምርምታ በመሆኑ አስተርጓሚ ሳያሻው ድንበር ተሻገረ። ካሊሜሮንም በ1974 ጃፓኖች ለራሳቸው ተከታታይ ፊልም ወሰዱት፤ በዚያም ፊልም ጫጩቱ ቅርፊቱን እንደ ደፋ፥ ጥቁር እንደ ሆነ፥ ጓደኞች አፍርቶ ይታያል።