የመተማ መንገድና የበሬው ዕረፍት

ለንባብ፦ ዘጸአት 23፥5 እና 12፤ ምሳሌ 12፥10፤ ዮናስ 4፥11

ዛሬ የምናነሣው ስለ እንስሳት ነው። «የሰው ነፍስ እየጠፋ ስለ በሬና ስለ አህያ ማውራት ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። እኛም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ እንል ነበር።

ሐሳባችንን ያናወጠው በመተማ ቆላ ስናገለግል የደረሰብን ነገር ነው። ለአንድ ጉባኤ ሦስት በሬዎች አስገዛን። በጠራራ ፀሐይ፣ ውኃ ሳይቀምሱ፣ አንገታቸው ከብረት ጋር ታስሮ በጭነት መኪና መጡ። መኪናው ሲከፈት አንዱ በሌሎቹ እግር ሥር ሞቶ ተገኘ። እኛ አገልጋዮችና ሽማግሌዎች ግማሽ ቀን የተከራከርነው «ኪሳራውን ማን ይክፈል?» በሚለው ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ገብተን ስለ እግዚአብሔር ቸርነት እየዘመርን ጉባኤውን ከፈትን። ስለ በሬው ሥቃይ አንድ ቃል የተናገረ ከመካከላችን አልነበረም።

መተማ ያየችው

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ የጥንት የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው። ቡናው፣ ሰሙ፣ የዝሆን ጥርሱ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ተጭኖ መተማ ይደርስ ነበር። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ሲያልፍ የባሪያ ንግዱን አይቶ ጽፏል። ገጣባ አህያና በሰንሰለት የታሰረ ልጅ በአንድ ገበያ ቆመው በአንድ ዓይን ይታዩ ነበር፤ ሁለቱም «ስንት ያወጣል?» ይባሉ ነበር።

ቤከር ራሱ አዳኝ ነበር። በሰቲትና በአንገረብ ወንዞች ዳር ከሐምራን ዐረቦች ጋር ዝሆን ሲያድን ከረመ። ሐምራኖቹ አንዱ በፈረስ ፊት ፊት እየሄደ ዝሆኑን ያታልላል፤ ሌላው ከኋላ ወርዶ የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጣል። ቀጥሎ ደግሞ ለአውሮፓ የአራዊት ማሳያዎች ግልገል የሚያጠምዱ መጡ። ሎሬንዞ ካሳኖቫ የተባለው ነጋዴ ከምሥራቅ ሱዳን የሰበሰባቸውን አራዊት እ.ኤ.አ. በ1870 ስዊዝ ላይ ለጀርመናዊው ካርል ሐገንቤክ አስረከበ። ግልገል ዝሆን ለመያዝ እናቲቱን መግደል የተለመደ ነበር። ሐገንቤክ ግን በአራዊት አልቆመም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከዚያው ከምሥራቅ ሱዳን ሰዎችን ወስዶ ከእንስሳቱ ጋር ለተመልካች አሳየ።

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በፍጥረት ላይ የደነደነ ልብ በእንስሳ ላይ ብቻ አይወሰንም። ለአንዱ ነፍስ ዋጋ ብቻ ያየ ዓይን ለሌላውም ዋጋ ብቻ ያያል።

በሬ ያለቀበት ዘመን

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው አረፉ። ከተማዋም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ስለ ንጉሡ ብዙ ተጽፏል። በዚያው ዘመን ስላለቁት ከብቶች ግን ከስብከታችን ውስጥ ቃል የለም።

«ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ አገሪቱን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ ገደማ አለቀ ይባላል። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተጨመረበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን መጣ። መሬት ነበረ፤ የሚያርሳት በሬ ግን አልነበረም። ገበሬው በዶማ ቆፈረ። ዐፄ ምኒልክም ለሕዝባቸው ምሳሌ ለመሆን ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይነገራል።

ያን ጊዜ አገሪቱ አንድ ነገር ተማረች፦ በሬው ሲወድቅ ሰውም ይወድቃል። እኛ በሬን የምናኖር ይመስለናል፤ ለካ በሬውም እኛን ሲያኖር ኖሯል።

በሽታው የተሸነፈው በምሕረት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የቢሾፍቱው የእንስሳት ጤና ተቋም ክትባት ሠራ፤ ክትባት ሰጪዎች ከመንደር መንደር ዞሩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ዓለምም በ2011 ከበሽታው ነጻ መሆናቸው ታወጀ። ለበሬ መድኃኒት ተሸክሞ በእግሩ የሄደ ሰው ለድኻ ልጅ እንጀራ ተሸክሞ ሄዷል።

ከወንጌል አማኞች ታሪክ

ስለ እንስሳት መቆርቆር የዘመኑ የምዕራባውያን ፈሊጥ ነው የሚሉ ወንድሞች አሉን። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ጆን ዌስሊ በሮሜ 8 ላይ ተመሥርቶ ስለ ፍጥረት ሁሉ ነጻ መውጣት ሰብኳል። እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ውስጥ በእንስሳት ላይ የሚደርሰውን ጭካኔ የሚከላከል ማኅበር ሲመሠረት መሪው አርተር ብሩም የተባለ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ በማኅበሩ ዕዳ ምክንያት እስከ መታሰር ደርሷል። ከመሥራቾቹ አንዱ ዊልያም ዊልበርፎርስ ነው፤ ያው የባሪያ ንግድን የታገለው ዊልበርፎርስ! በመተማ ገበያ ጎን ለጎን ቆመው ያየናቸውን ሁለቱን፣ አህያውንም ታሳሪውንም፣ እርሱ በአንድ ልብ አስቧቸዋል።

ሰው በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ነው፤ ከእንስሳ ጋር እኩል አናደርገውም። ይሁን እንጂ ሥልጣን የተሰጠው እንዲጠብቅ እንጂ እንዲያሠቃይ አይደለም። ሕጉ የጠላትህ አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታየው አልፈህ አትሂድ ይላል። ባለቤቱ ጠላትህ ነው፤ አህያው ግን ምን አደረገ? እግዚአብሔር ለነነዌ ሲራራ ከሕዝቡ ጋር እንስሶቿንም ቈጥሯል።

መልስ ያጣንለት ጥያቄ

በዚያው ቆላ አንድ ገበሬ ጌታን ተቀበሉ። በዕድሜ አባታችን ናቸው። አንድ ቀን ከአምልኮ በኋላ እንዲህ አሉን፦ «ፓስተር፣ ጎረቤቶቼ በሚካኤሉም በማርያሙም በሬያቸውን አይጠምዱም። እናንተ የሰው ወግ ነው፣ ቀኑ ሁሉ የጌታ ነው አላችሁኝ። እሺ ብዬ ጠመድሁ። እሑድም እናንተ ዘንድ ስመጣ ልጆቼ ያርሳሉ። እንግዲህ እኔ ነጻ ከወጣሁ ወዲህ የእኔ በሬ የሚያርፈው መቼ ነው?»

ዝም አልን። ስለ በዓላት ያስተማርነውን ዛሬም አንሽርም፤ ማንም በቀን አይጸድቅም። ነገር ግን ዘጸአት 23፥12 የሰባተኛው ቀን ዕረፍት ለምን እንደ ተሰጠ ሲናገር በሬውንና አህያውን ከባለቤቱ አስቀድሞ ባይጠራም አልረሳቸውም፤ እንዲያርፉ ብሎ በስም ያነሣቸዋል። እኛ ግን ለሰው ነጻነትን ስንሰብክ ከበሬው ላይ ዕረፍቱን ወሰድንበት። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ለበሬው ራርተውለታል። ይህን መናገር አያሳፍረንም፤ ያሳፈረን ሳናየው መቆየታችን ነው።

ለእኚያ አባት በመጨረሻ የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር፦ «አባባ፣ እኛ ተሳስተናል። እሑድ እርስዎ ሲያርፉ በሬዎም ይረፍ።» እርሳቸውም ፈገግ ብለው «እርሱም ይባርካችኋል» አሉን።

ምን እናድርግ?

ከብት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲነዳ ኖሯል፤ አህያም ዛሬ ድረስ ከዳገት ዳገት ይጫናል። በዚያው ምዕራብ ጎንደር በአላጥሽ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ተረጋግጧል፤ ዝሆን በታደነበት ቆላ እግዚአብሔር ያተረፈልን አደራ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ እንጀምር፦ ለጉባኤና ለሠርግ የምናስመጣው ከብት ውኃ ጠጥቶ፣ ሳይጨናነቅ ይምጣ። ገጣባውን አህያ ቁስሉ እስኪድን አንጫነው። በሳምንት አንድ ቀን ቀንበሩ ይውረድ። ልጆቻችን በእንስሳ ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ ዝም አንበል።

ጌታ ሆይ፣ የሞተውን በሬ ዋጋ ቈጥረን ሥቃዩን ሳንቈጥር ስለ ቀረን ይቅር በለን። ለድንቢጥ የምታስብ አባት፣ ያንተን ዓይን ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።