ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሐዘን

የ77 ድርቅ ሲነሳ ስንዴው፣ ፎቶውና ዘፈኑ ይወራል። ለቅሶው ግን አይወራም።

ከዋጃ ተነስቶ አላማጣን አልፎ ዳገቱን የወጣ ሰው ኮረም ይደርሳል። የራያ ቆላ ሰውም ያኔ እህል ፍለጋ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ በኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራ ለዓለም ያሳየው ይህንኑ ኮረምን ነበር። ቆለኛው ደጋ ላይ በብርድ፣ በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በተስቦ አለቀ።

በደህናው ጊዜ ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል፣ ሙሾ ይወርዳል፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል። ኮረም ላይ ግን ማን ለማን ያልቅስ? ሁሉም ሐዘንተኛ ነው። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት ወዲያው ለተረፈው ልጅ ሰልፍ ትይዛለች። ቀጥሎ ሰፈራው መጣና ቤተሰብ ተለያየ። የሄደው ዘመዱ ይኑር ይሙት ያላወቀ ሰው ደግሞ ተዝካርም ሰደቃም ማውጣት አይችልም።

አካሚዎቹስ? መቀሌ በቀይ መስቀል መመገቢያ ጣቢያ የነበረችው ነርስ ክሌር በርሺንገር በሺህ ከሚቆጠሩ ሕጻናት መካከል 60 ወይም 70 ብቻ እየመረጠች ታስገባ ነበር። የቀሩት ምን እንደሚጠብቃቸው ታውቃለች። 20 ዓመት ያህል ነገሩን በሆዷ ይዛ ኖረች፤ መጽሐፏ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እሷስ በመጨረሻ ጠያቂ አገኘች። የኛዎቹን ድሬሰሮች፣ አስተርጓሚዎችና ሬሳ ገናዦች ማን ጠየቃቸው?

አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አወጣለት፦ ዕውቅና የተነፈገ ሐዘን። በኛ አነጋገር «እግዜር ያጥናህ» ያልተባለ ሐዘንተኛ ማለት ነው።

ተማሪዎቼ፣ የያኔዎቹ ሕጻናት ዛሬ አርባን አልፈው እናንተ ዘንድ ይመጣሉ። «ደረቴን ይወጋኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላሉ። በዚያ ላይ የቅርቡ ጦርነት አለ፤ ብዙዎቻችሁም ራሳችሁ ሐዘንተኛ ሆናችሁ ነው የምታክሙት። ምርመራው ይሠራ፣ ግን «ሐዘን ነበረብዎት ወይ?» የምትለዋን ጥያቄ ጨምሩባት። መልሱን ሳትቸኩሉ ስሙ። የባልደረባችሁ በሽተኛ እጁ ላይ ሲሞትም «አይዞህ፣ ሥራ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቡና ጋብዙት፣ አብራችሁት ቁጭ በሉ። ያም ለቅሶ መድረስ ነው።