መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ መንገዱስ?

ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ስንዘጋ ከወጪዎቻችን ሁሉ ትንሹ «ለህክምና ክትትል የትራንስፖርት ድጋፍ» የሚለው ነበር። ከደጋፊዎቻችን አንዱ «የቲቢ መድኃኒት በነጻ አይደለም ወይ? ይህ ወጪ ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለመስጠት ግን የበሽታውን ታሪክ በአካባቢያችን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ማየት አለብን።

እናቶቻችን የሳንባ ነቀርሳን «ብርድ ነው» ይሉት ነበር። የታመመ ሰው ሲኒና ሳህኑ ይለያል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ወሬው ከሳሉ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የበሽታውን ተህዋስ ማግኘቱን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ይሁን እንጂ ሲኒ መለየቱ ዛሬም በብዙ ቤት አልቀረም። ቲቢ በሲኒ አይተላለፍም፤ በሰላምታም አይተላለፍም። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲያወራ ተህዋሱ ከትንፋሹ ጋር ይወጣና በአየር ላይ ይቆያል። በዚያ አየር ለረጅም ጊዜ አብሮ የሚተነፍስ ሰው ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲኒ ከማጠብ ይልቅ መስኮት መክፈት ይጠቅማል። አንገት ላይ እንደ እጢ የሚወጣው የቲቢ ዓይነት ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ሳናውቅ አንገቷ ያበጠባትን ሴት ስንሸሽ ኖረናል።

በሀገራችን የቲቢ ህክምና በማዕከል ደረጃ ሲጀመር አዲስ አበባ፣ ሐረርና አስመራ ላይ ነበር። ከቸሃ ለተነሣች ሴት አዲስ አበባ ሄዶ መታከም ማለት እንሰቷን፣ ከብቷንና ልጆቿን ትቶ መሄድ ነው። ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአታት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊካውያን እህቶች ሲመሠረት ለአካባቢያችን ሴት መንገዱ አጠረ። ይህ ሆስፒታል ለነፍሰ ጡሮች የማቆያ ቤት አዘጋጅቶ ከሩቅ የሚመጡትን እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ ማሳረፉን ብዙዎቻችን እናውቃለን። መራቅ ራሱ ሕመም መሆኑን የተረዳ ሰው የሠራው ሥራ ነው።

መድኃኒቱም በበኩሉ አጠረ። ቀድሞ ህክምናው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር፤ መርፌውም አለበት። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ከመጣ በኋላ በሀገራችን መጀመሪያ ስምንት ወር፣ ቀጥሎ ስድስት ወር ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሪዎቹ አራት ወራት ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። (ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል። ደም መስሏቸው የደነገጡ አሉና አትደንግጡ።)

አስቸጋሪው ነገር ሕመምተኛዋ ገና ሁለት ወር ሳይሞላት የሚሻላት መሆኑ ነው። ሳሉ ይተዋታል፣ ምግብ ይበላላታል፣ ጉልበቷ ይመለሳል። ተህዋሱ ግን ገና አልሞተም። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በሆሳዕና ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ404 የሳንባ ቲቢ ሕመምተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ 81ዱ ህክምናቸውን አቋርጠው ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ያቋረጡት በኋለኛው ምዕራፍ፣ ማለትም ሲሻላቸው ነው። ከማቋረጥ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ምክንያቶች መካከል የቤታቸው ርቀትና ለመድረስ መኪና መሳፈር ማስፈለጉ ይገኙበታል።

እኛም ይህንኑ በቤታችን አይተነዋል። አንዲት አባላችን መድኃኒቷን በሦስተኛው ወር አቋረጠች። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃት «ድኛለሁ» አለችን። ኋላ ግን ሳሉ ተመልሶባት ስናገኛት እውነቱን ነገረችን፤ የመኪና ሂሳብ አልነበራትም፣ ለመበደር ደግሞ በሽታዋን መናገር ሊኖርባት ነው። በየወሩ እየተገናኘን ቁጠባ እንሰበስባለን። የእሷ መዋጮ አንድም ወር ጎድሎ አያውቅም፤ ለማኅበሩ ስትከፍል ለራሷ ግን አጣች። መዝገቡን የምንይዝ ሰዎች ይህን አለማየታችን እስካሁን ያሳፍረናል። እንዲህ እየተቋረጠ የሚወሰድ መድኃኒት ተህዋሱን ሊያላምድና ህክምናውን የበለጠ ከባድ ሊያደርገው ይችል ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእሷ አልተላመደም። እንደ አዲስ ጀምራ ስድስቱን ወር ጨረሰች።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ምን እንዳደረጉ ጠየቅን። በደቡብ ጎንደር እስቴ ወረዳ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሕመምተኞች በአንድ ቀን እየተቀጠሩ፣ ከመካከላቸው መሪ እየመረጡ፣ እንደ ማኅበር እርስ በርስ ይጠባበቁ ነበር። የቀረ ካለ መሪው ይፈልገዋል። በሲዳማ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቀበሌያቸው አክታ ተቀብለው ለምርመራ ሲልኩና መድኃኒቱን ሲያስውጡ የሚገኘው ሕመምተኛ በዛ፤ በተለይ ሴቶቹ። ሴቶቹ ድሮም ይታመሙ ነበር፤ የጎደላቸው ቅርበት ነው።

እኛም ያንኑ በአቅማችን ጀምረናል። መድኃኒት የምትወስድ አባል ስሟ በስብሰባ አይነሣም። የመረጠቻት አንዲት እህት ብቻ ታውቃለች፣ የቀጠሮ ቀን አብራት ትሄዳለች፣ የሁለቱ የመኪና ሂሳብ በመዝገብ ይያዛል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስላት አባልም በዚሁ ወጪ ሄዳ ትመረመራለች። በአንድ ቤት ሕመምተኛ ሲገኝ ሕፃናቱም አብረው እንዲታዩ እናደርጋለን፤ ለእነሱ አስቀድሞ የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት አለና።

በዚህ ዓመት በጀት ወጪውን በእጥፍ አሳድገን ይዘነዋል። አሁንም ከሁሉም ትንሹ ነው።