«ባዮሴኩሪቲ» በአማርኛ፦ ዕቅበተ ሕይወት

«ባዮሴኩሪቲ» በዕፅዋት ጥበቃና በእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ዘንድ እየተለመደ የመጣ፣ በአማርኛ ግን እስካሁን ቋሚ ስም ያላገኘ ቃል ነው። የሚያመለክተውም አንድ አገር ወይም አንድ አካባቢ በምድሩ የሌለ ተባይ፣ የበሽታ ተሕዋስ ወይም አረም በሰው እጅ፣ በዕቃ ወይም በተሽከርካሪ ተጭኖ እንዳይገባበት፣ ከገባም ሳይዛመት እንዲያዝ የሚደረገውን የሕግ፣ የምርመራና የክትትል ሥራ ሁሉ በአንድነት ነው። ይህ ጽሑፍ ለቃሉ «ዕቅበተ ሕይወት» የሚል ስያሜ ያቀርባል፤ ስያሜው የተመረጠበትን ምክንያት ለመረዳት ግን አስቀድሞ ሥራውን ራሱን፣ በተለይም ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት የሚገባበትን ሥርዓት፣ ከዚያም ሥራው ባልተሠራበት ጊዜ የራያ ቆላ ያየውን መመልከት ያስፈልጋል።

ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ከሌሎች ሸቀጦች ተለይቶ በጥርጣሬ የሚታየው ከተቆረጠ በኋላም ሕያው ሆኖ ስለሚቆይ ነው፤ ይተነፍሳል፣ ውኃ ይዟል፣ በውስጡም ሌላ ሕያው ነገር ሊያኖር ይችላል። የፍራፍሬ ዝንብ ሴቷ የማንጎውን ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ስትጥል በላዩ የሚቀረው ምልክት ከመርፌ ጫፍ ብዙም ስለማይበልጥ ሻጩም ገዥውም ጤነኛ ፍሬ ያዩ ይመስላቸዋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የበሰበሰውን ፍሬ ከጓሮ የሚወረውረው ሰው ደግሞ ሳያውቀው ትሉን ከአፈር ጋር ያገናኛል፤ ትሉም አፈር ውስጥ ቆይቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በሚጓዝ ሰው ሻንጣ ውስጥ የተቆላው ቡና አልፎ ማንጎው ብቻ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ እሳት ያየ ነገር ተሸካሚነቱ በእጅጉ ይቀንሳል፣ ትኩስ ፍሬ ግን ራሱ ማደሪያ ነው።

የዚህ ሥርዓት ዓለም አቀፍ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1951 የተፈረመው፣ ጽሕፈት ቤቱም በሮም በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሥር የሚገኘው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ሲሆን፣ ኢትዮጵያም አባሉ ናት። በስምምነቱ መሠረት አስመጪው አገር አንድን ፍሬ ከመፍቀዱ በፊት «የተባይ ሥጋት ትንተና» ያካሂዳል፤ ይህም ፍሬው ከሚመጣበት አገር የትኞቹ ተባዮች አብረው ሊመጡ እንደሚችሉ፣ ቢመጡ በአስመጪው አገር አየር ንብረት ሊለምዱ ይችሉ እንደሆነ፣ ቢለምዱስ የሚያደርሱት ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በቅደም ተከተል የሚመረምር ጥናት ነው። ላኪው አገር በበኩሉ ጭነቱን መርምሮ «የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት» ይሰጣል። ሥጋቱ በምርመራ ብቻ የማይወገድ ሲሆን ፍሬው ይታከማል፤ ለምሳሌ የፍራፍሬ ዝንብ ካለባቸው አንዳንድ አገሮች ወደ አሜሪካ የሚገባ ማንጎ እንደ መጠኑና እንደ ቅርጹ ከ65 እስከ 110 ደቂቃ ድረስ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ሙቀቱ ዝንቧን በእንቁላልነቷና በትልነቷ የሚገድል፣ ፍሬውን ግን የማይቀቅል ተደርጎ የተለካ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ ለሚገባ ትኩስ ፍሬ በሙሉ ማለት ይቻላል የምስክር ወረቀት ግዴታ ሲያደርግ፣ ነፃ ያደረጋቸው አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ቴምር አምስቱን ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የዕፅዋት ጥበቃ ሕግ የመጀመሪያ መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ድንጋጌ ሲሆን፣ የማስገቢያ ፈቃድን፣ የመግቢያ ጣቢያዎችንና የተቆጣጣሪዎችን ሥልጣን የዘረዘረው ግን የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4/1985 ነው። ዛሬ ሥራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ድርሻ ነው። «ኳራንቲን» ራሱ ከጣልያንኛ «አርባ» የሚለው ቁጥር የወጣ ቃል ነው፤ ወረርሽኝ ከሚጠረጠርበት አገር የመጣ መርከብ በቬኒስ ወደብ አርባ ቀን ተነጥሎ ይቆም ከነበረበት ሥርዓት የተወረሰ ስለሆነ፣ ትርጉሙ የደረሰውን እንግዳ ለይቶ ማቆየት እንጂ እንግዳው እንዳይመጣ መከላከል አይደለም። ይህ ልዩነት ለስያሜው ምርጫ ወሳኝ ነው።

ከስያሜው በፊት ግን፣ እንደተባለው፣ ራያን እንመልከት። በራያ ቆላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ቆቦ የማንኛውም አገር ድንበር አትነካም። ከወልዲያ ወደ አላማጣ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ግን በመካከሏ ይሄዳል፤ ከጎሊናና ከሆርማት ወንዞች፣ እንዲሁም በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች በሚገኘው ውኃ የሚለማው ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ ተጭኖ በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ይወጣል፤ ዘር፣ ችግኝ፣ ባዶ ሣጥንና ጆንያም በዚሁ ይመለሳል። አንድ ተባይ በቦሌ አየር ማረፊያ፣ በመተማ ወይም በሞያሌ ኬላ ካለፈ በኋላ እስከ ቆቦ ማሳ ድረስ የሚጠይቀው አያገኝም።

ራያ የዚህን ክፍተት መዘዝ ያየው በሦስት የተለያዩ መንገዶች ነው። የመጀመሪያው ፓርተኒየም የተባለው የላቲን አሜሪካ አረም ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ1960ዎቹ ዓ.ም. አካባቢ በሐረርጌ ሲሆን፣ አንዳንዶች ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጎማ ላይ እንደተዛመተ ሲገምቱ፣ በሰሜን ምሥራቅ በዕርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አቅራቢያ በብዛት መታየቱን ያጤኑ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከመጣው የዕርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሳይገባ እንዳልቀረ ይናገራሉ። ዓለም የኮረምን የረሃብተኞች መጠለያ በቴሌቪዥን ባየበት በዚያ ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ያለፈውን ስንዴ ከአረም ዘር አበጥሩ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር፤ ቢኖርም ጭካኔ ይሆን ነበር። አረሙ ግን ለምን እንደመጣ አይጠይቅም፤ አንዱ ተክል 15 ሺህና ከዚያም በላይ ዘር ይረጫል፣ ከብቱ አይወደውም፣ ሲነካም የብዙ ሰውን ቆዳ ያሳክካል፤ የማሽላውንና የግጦሹን መሬት ይሻማል።

ሁለተኛው ይበልጥ አስተማሪ ነው፤ ምክንያቱም ተባዩ በስሕተት ሳይሆን በፕሮጀክት የመጣ ነውና። ኮቺኒል በቁልቋል ላይ ተጣብቃ የምትኖር፣ በነጭ ጥጥ መሰል ሽፋን የምትሸፈን፣ ስትጨፈለቅ ደማቅ ቀይ ቀለም የምትሰጥ ትንሽ ተባይ ናት፤ የትውልድ አገሯም ላቲን አሜሪካ ነው። ከእርሷ የሚገኘው ካርሚን የተባለ ቀለም ለምግብና ለመዋቢያ ዕቃዎች ስለሚፈለግ፣ ከቆቦ በስተ ሰሜን በመሆኒና በትግራይ በሰፊው የሚበቅለውን ቁልቋል ወደ ገቢ ለመለወጥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ተባዩ ለምርምር ገባ፤ ቀጥሎም በአንድ የውጭ ባለሀብት እርሻ ተራባ። የቀለሙ ንግድ እንደታሰበው ሳይሄድ ሲቀር ተባዩን ለመልቀም የሚከፍል ጠፋ፤ ሳይለቀም የተተወው ኮቺኒልም በነፋስ፣ በእንስሳትና በሰው ልብስ እየተጓዘ ሰውም ከብትም የሚመገበውን ቁልቋል ማድረቅ ያዘ። በራያ «በለስ» የሚባለው የቁልቋል ፍሬ በክረምቱ የእህል እጥረት ወራት ብዙ ቤተሰብ የሚያልፍበት፣ ቅጠሉም በድርቅ ጊዜ ለከብት የሚሰጥ በመሆኑ ጉዳቱ በሒሳብ ደብተር ላይ ብቻ የሚጻፍ አይደለም። እዚህ ላይ የጎደለው የምስክር ወረቀት አልነበረም፤ የጎደለው ከመግባቱ በፊት «ይህ ነገር ካልተለቀመ ምን ይሆናል» ብሎ የሚጠይቅና መልሱ ካላረካ እምቢ የሚል ሥርዓት ነው።

ሦስተኛው ቱታ የተባለችው የቲማቲም የእሳት እራት ናት። ከደቡብ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ደርሳ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግራ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ታየች። እጯ የቲማቲሙን ቅጠል በሁለቱ ገጾች መካከል እየቦረቦረች ትበላለች፣ ፍሬውንም ትሰረስራለች፤ በክንፏ ከምትሄደው ይልቅ በፍሬና በሣጥን የምትጓዘው ርቀት ይበልጣል። በመስኖ ቲማቲም የሚያለማ አካባቢ ተከታታይ ምርት ስለሚያገኝ ተባዩም ያለ ዕረፍት ይራባል፤ ስለዚህ የተራገፈ ሣጥን ሳይታጠብ ወደ ሌላ ማሳ መመለሱ ለቆቦ ገበሬ ከአየር መንገዱ ፍተሻ ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ነገር ግን ማሳን የሚጎዳ ሁሉ በዚህ ቃል ሥር አይወድቅም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በራያ ቆቦ ማሽላ ላይ የወረደው የአንበጣ መንጋ በገዛ ክንፉ የመጣ ስለሆነ በኬላ አይመለስም፤ መከላከያው የቅድመ ማስጠንቀቂያና የአውሮፕላን ርጭት ነው። አቀንጭራ የተባለው አረምም የማሽላ ጠላት ቢሆንም ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ሆኖም አቀንጭራ የሚያስተውለው ሰው ቢያገኝ አንድ ነገር ያስረዳል፤ ቀይ አበባ ያለው ዘመዱ እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ የካሮላይና ግዛቶች በበቆሎ ላይ ሲገኝ መንግሥት አካባቢውን ዘግቶ፣ ከማሳ የሚወጣ መሣሪያ ሁሉ እንዲጸዳ አድርጎ፣ ለአሥርት ዓመታት በትዕግሥት አሳደደውና ከ170 ሺህ ሄክታር በላይ የነበረውን ስፋት ከመቶ አንድ እጅ በታች አወረደው። ለቆቦ ገበሬ የኑሮ አካል የሆነው ዓይነት አረም እዚያ የአገር ሥጋት ተብሎ ነበር የተያዘው።

ወደ ስያሜው ስንመለስ፣ በአማርኛ ቀድሞ የቀረበው «ደኅንነተ ሕይወት» የሚለው ነው። ይህ ስም ግን ባለቤት አለው፤ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 የሚያወራው ልውጥ ሕያዋን ስለሚባሉት፣ ማለትም ዘረመላቸው በቤተ ሙከራ ስለተለወጠው ፍጥረታት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «ባዮሴፍቲ» የሚባለው ነው። ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል ስለሚጠሩ በውል ሰነዶች ላይ ሲቸገሩ ይታያል፤ አማርኛ ያንኑ ችግር በፈቃዱ የሚገባበት ምክንያት የለም። በዚያ ላይ «ደኅንነት» ከግእዙ «ድኅነ» የወጣ፣ ከ«መድኃኒት» ጋር ሥሩ አንድ የሆነ፣ መዳንን የሚናገር ቃል ነው፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ «ደኅንነት መጣ» ሲባል ገበሬው የሚያስበው ስለ ተባይ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። «ጥበቃ» የሚለውንም «የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ» እና «የዱር እንስሳት ጥበቃ» ያለውን ነገር ማቆየት በሚል ትርጉም ይዘውታል። «ለይቶ ማቆያ» በ2012 ዓ.ም. ከኮሮና ጋር የተለመደ ቢሆንም፣ ከላይ እንደታየው የደረሰውን ማቆም ብቻ ነው።

«ዕቅበት» ግን ከግእዙ «ዐቀበ»፣ ማለትም ጠበቀ፣ የወጣ ነው። አማርኛ «ዐቃቤ ሕግ» ብሎ በየቀኑ ይናገረዋል፤ ወሎ ደግሞ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔቶች ይጠሩበት በነበረው «ዐቃቤ ሰዓት» በሚለው ማዕረግ ያውቀዋል። ይበልጥ የሚቀርበው በቤተ ክርስቲያን «ዕቅበተ እምነት» የሚባለው ነው፤ ትርጉሙ ያለውን እምነት መንከባከብ ብቻ ሳይሆን እንግዳ ትምህርት እንዳይገባ ቀድሞ መመከት ነውና፣ የ«ባዮሴኩሪቲ»ን ዋና ሐሳብ፣ ከመግባት በፊት የሚደረገውን ጥበቃ፣ አስቀድሞ ይዞታል። «ብዝሀ ሕይወት» እና «ደኅንነተ ሕይወት» የተለመዱለት አንባቢም «ዕቅበተ ሕይወት»ን ከነሱ ጎን ለማስቀመጥ አይቸገርም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ሥራ ኳራንቲን ሊባል ይችላል፤ ዕቅበት ግን አይባልም።

ከዚህ ተነሥቶ «የዕቅበተ ሕይወት ደንብ»፣ «የዕቅበተ ሕይወት ጣቢያ»፣ «የዕቅበተ ሕይወት ጥሰት» ማለት ይቻላል። ተቆጣጣሪውን «ዐቃቤ ሕይወት» ማለት ሰዋስዉ ቢፈቅድም ለሣጥን ፈታሽ የበዛ ማዕረግ ስለሚመስል «ተቆጣጣሪ» እንደተባለ ቢቀር ይሻላል። «ኳራንቲን»ም ለተለየ ትርጉሙ፣ ለተያዘው ጭነት መቆያ፣ ባለበት ይቆያል።

ቃሉ ከቢሮ ወጥቶ ወደ ቆቦ የገበያ ቀን ሲወርድ የሚያስፈራው የግእዝ ክብደቱ ነው፤ «የመጤ ተባይ መከላከል» ማለት የቀለለ እንደሚሆን የሚከራከሩ አሉ። «መጤ» ለአረምና ለተምች በግብርና ቢሮዎች ተለምዷል፤ ሆኖም ይኸው ቃል ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሰውን ከቀዬው ለመግፋት ያገለገለ በመሆኑ በመሥሪያ ቤት ስምና በመንገድ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ማንበብ፣ የብዙ ሕዝብ መተላለፊያ በሆነው በራያ መንገድ ላይ በተለይ፣ ደስ አይልም። በሰሌዳው ላይ «ዕቅበተ ሕይወት» ተጽፎ፣ ከሥሩ «ሣጥንና ጆንያ ሳይታጠብ አይለፍ» የሚል ተራ አማርኛ ቢጨመርበት ገበሬውም ሾፌሩም የሚፈለግበትን ያውቃል።