ፍሪዝ ፕላግ
ፍሪዝ ፕላግ በመኪና ሞተር ብሎክ ላይ ያሉትን ክብ ቀዳዳዎች የሚደፍን ትንሽ የብረት ወይም የናስ ውታፍ ነው። አብዛኛው እንደ ሲኒ ጎድጓዳ ነው። ስሙ ከውርጭ ጋር ቢያያይዘውም የቀዳዳዎቹ መነሻ ሌላ ነው። ብሎኩ ከቀለጠ ብረት ሲቀረጽ ውሃ የሚዘዋወርበት ባዶ ቦታ የሚገኘው በአሸዋ ቅርጽ ነው፤ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ አሸዋው በእነዚህ ቀዳዳዎች ይወጣል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ውታፉ አንዳንድ ጊዜ ተገፍቶ ይወጣል፤ ሆኖም ውታፉ ሳይወጣ ብሎኩ ሊሰነጠቅ ስለሚችል እንደ መከላከያ አይታመንበትም።

በባሌ ደጋ
ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴ አምባ ያቋርጣል። በደረቁ ወራት ሌሊት እዚያ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ተራ ውሃ ይዞ የሚያድር ሞተር ለአደጋ ይጋለጣል። ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ የኤቲሊን ግላይኮል ማቀዝቀዣ ግን እስከ −37 ዲግሪ ገደማ አይረጋም።

ዝቅ ብሎ በአጋርፋና በሮቤ የስንዴ አገር ዋናው ጠላት ዝገት ነው። ትራክተርና ኮምባይነር ከአንዱ አዝመራ እስከ ሌላው ተራ ውሃ እንደያዘ ከቆመ፣ ከብሎኩ ግድግዳ ይልቅ ስስ የሆነው ውታፍ ከውስጥ ተበልቶ ቀድሞ ይበሳል። ከውታፉ በታች የሚታይ የዝገት መስመር ምልክቱ ነው። ችላ ከተባለ ውሃው ያልቃል፣ ሞተሩ ይግላል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ይህም አጨዳ በደረሰበት ሰሞን ሊሆን ይችላል።

አቀያየር
ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃው ይፈሳል። ጫፉ ደንዳና የሆነ ብረት በውታፉ አንድ ጠርዝ ላይ ተደርጎ በመዶሻ በቀስታ ሲመታ ውታፉ ይዞርና ሌላው ወገኑ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ ያኔ በፒንሳ ይሳባል። መሃሉን መምታት ውታፉን ወደ ብሎኩ ውስጥ ይከተዋል፣ እዚያም የውሃውን መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል።

ቀዳዳው በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። ይህ ሥራ መቸኮል አይወድም፤ ትንሽ ዝገት ከቀረ አዲሱም ያንጠባጥባል። አዲሱ ውታፍ ስፋቱ ከቀዳዳው ጋር መግጠም አለበት። ጠርዙ ማሸጊያ ስስ ተደርጎ ይቀባና፣ በጎድጓዳው ልክ በሚገባ ቡሶላ ሳይጋደል ይመታል፤ ጠርዙ ከብሎኩ ፊት ጥቂት ወደ ውስጥ ሲገባ ይበቃል። ናስ እንደ ብረት ስለማይዝግ ይመረጣል።

ውታፉ ራሱ ርካሽ ነው። አስቸጋሪው መድረሱ ነው፦ አንዳንዱ ከሞተሪኖ ወይም ከኮሌክተር ጀርባ ይገኛል፣ ከቮላኖ በስተኋላ ላለው ደግሞ ካምቢዮ መውረድ አለበት። በጠባብ ቦታ፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚሰፋ የጎማ ውታፍ ይገባል፤ ይህ ግን እስከ ጋራዥ ለማድረስ እንጂ ለዘለቄታው አይደለም።